ትሕትና ወይስ ይሉኝታ? ለእግዚአብሔር ስለ መገዛት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ያጠራቀምኳቸው ከጽዋ ማኅበር፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት የሻይ ሰዓትና ከጓደኞቼ ጋር ካደረግናቸው ረጃጅም ወሬዎች ነው። የምመልሰው እንደ አንድ ምእመን እንጂ እንደ መምህር አይደለም። ያደግኩት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደዚያ ያደላሉ። ጥያቄዎቹ ግን ፕሮቴስታንት ጓደኞቼም የሚያነሷቸው ናቸው።

ትሕትና ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ የግእዝ ነው። በግእዝ "ታሕት" ማለት ታች ማለት ነው፤ የእኛ "ታች"ም ከዚያው የወጣ ነው። ስለዚህ ትሕትና ዝቅ ማለት ነው። ከማን በታች? መጀመሪያ ከእግዚአብሔር በታች። እሱ ፈጣሪ፣ እኔ ፍጡር መሆኔን አውቄ እንደዚያው መኖር ነው። ለሰው ዝቅ ማለት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ክርስትና ላይ ግን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። መጀመሪያ ዝቅ ያለው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ፣ ክርስቶስ የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን እንዳዋረደና እስከ መስቀል ሞት እንደታዘዘ ይነግረናል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ደግሞ ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጥባል። አጥቦ ሲጨርስ "ኧረ እኔ ምንም አይደለሁም" አላለም። መምህርና ጌታ ትሉኛላችሁ፣ መልካም ትላላችሁ፣ እንዲሁ ነኝና ነው ያላቸው። ይህን ቦታ ሳነብ ሁሌም ቆም እላለሁ። ማንነቱን አልካደም፤ ግን ውኃው ጋ ጎንበስ አለ።

በጸሎተ ሐሙስ በየቤተ ክርስቲያኑ ሕጽበተ እግር ሲደረግ አይታችሁ ይሆናል። ልጅ ሆኜ ያየሁት አንዱ አይረሳኝም። አረጋዊው የሰበካችን ቄስ ወገባቸውን ታጥቀው፣ የወይራና የወይን ቅጠል የተነከረበትን ውኃ ይዘው ተራ በተራ ያጥባሉ። የግቢው ጥበቃ ጋ ሲደርሱ ሰውዬው አፍሮ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ ነበር። ቄሱ ቁርጭምጭሚቱን ያዝ አድርገው "ተው ልጄ፣ ይኼ የኔ ሥራ ነው" አሉት። ያንን እግር ከሌላው ረዘም አድርገው ነው ያጠቡት።

ትሕትና ከይሉኝታ በምን ይለያል?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለሐበሾች ትልቁ ጥያቄ ይመስለኛል። ስንወለድ ጀምሮ "ሰው ምን ይላል?" እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። አንገት መድፋት፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ ሦስት ጊዜ ሳይለመኑ እጅ ለመታጠብ አለመነሳት ጨዋነት ነው። እኔም ይህን ጨዋነት እወደዋለሁ። ችግሩ ጨዋነቱን ከትሕትና ጋር አንድ አድርገን ስንቆጥረው ነው።

ይሉኝታ የሚያየው ሰውን ነው። ትሕትና የሚያየው እግዚአብሔርን ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ሰው ሲጠፋ ነው። እንግዳ ፊት ለአስተናጋጇ "እህቴ፣ እባክሽ" የሚል ሰው፣ ብቻውን ሲሆን "አንቺ!" ብሎ የሚጣራ ከሆነ የመጀመሪያው ይሉኝታ ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ። ማኅበር ላይ አንዱ መዝሙር አውጣ ሲባል "ኧረ እኔ አልችልም" ይላል። ይለመናል። "ኧረ ድምፄም ዘግቷል።" እንደገና ይለመናል። በሦስተኛው ይዘምራል፣ ያውም አምስት መዝሙር። ሁላችንም ይህን ሰው እናውቀዋለን፤ አንዳንዴም እኛው ነን። ትሑት ሰው የሚችል ከሆነ ተነስቶ ይዘምራል፣ የማይችል ከሆነ አልችልም ይላል። ጉዳዩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ይሉኝታ ገንዘብም ያስወጣል። ስንቱ ሰው ነው የማይችለውን ሠርግና ተዝካር ደግሶ ዓመቱን ሙሉ ዕዳ ሲከፍል የሚኖረው? "አቅሜ ይህ ነው" ለማለት ትሕትና ይጠይቃል። እሱን ስናጣ ነው የምንበደረው።

"እኔ ኃጢአተኛ ነኝ" ማለት ትሕትና ነው?

ሊሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ያንኑ ቃል ሌላ ሰው ቢለን ምን እንሆናለን? "እኔ እኮ ሰነፍ ነኝ" ያልነውን ሰው "አዎ፣ ትንሽ ሰነፍ ነህ" ቢለን እንቀየማለን። በሉቃስ 18 ላይ ያለው ቀራጭ "እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ" ሲል ዓይኑን ወደ ሰማይ እንኳ አላነሳም። የሚያናግረው አንድ ሰሚ ብቻ ነበረው።

ስለ አባ አጋቶን የሚነገር አንድ የግብፅ በረሃ አባቶች ታሪክ አለ። ትሕትናውን ሊፈትኑ የመጡ ሰዎች "ትዕቢተኛና ዘማዊ የምትባለው አንተ ነህ?" ይሉታል። "አዎ" ይላል። "ሐሜተኛው አጋቶን አንተ ነህ?" "አዎ።" "መናፍቁ አጋቶንስ?" ሲሉት "መናፍቅስ አይደለሁም" አለ። ለምን ሲሉት፣ የመጀመሪያዎቹን መቀበል ለነፍሴ ይጠቅማታል፣ መናፍቅነት ግን ከእግዚአብሔር መለየት ነው አላቸው። ትሑት ሰው ለተባለው ሁሉ ራሱን አይነቀንቅም ማለት ነው።

እኔ ራሴ የወደቅኩበትን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት የማኅበራችን ድግስ ላይ ሳህን አጠባ ገባሁ። እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ ነኝ። ጎረቤቴ ፎቶ ሲያነሳኝ አየሁት፣ አየሁትና ደግሞ ትንሽ ጎንበስ አልኩ። ማታ ፌስቡክ ላይ "ማገልገል ደስ ይላል" ብዬ ለጠፍኩት። ከዚያ እስክተኛ ላይክ ስቆጥር አመሸሁ። ሳህኖቹን በደንብ ነው ያጠብኳቸው፤ ለእነሱ ጥሩ ነበር።

ትሑት ሰው ስለ መብቱ አይናገርም?

ይናገራል። በሊቀ ካህናቱ ፊት አንዱ ሎሌ በጥፊ ሲመታው ጌታ ዝም አላለም። ክፉ ተናግሬ እንደሆነ መስክር፣ መልካም ከሆነ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ጠይቆታል (ዮሐንስ 18፥23)። ቅዱስ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ በስውር ሊለቁት ሲፈልጉ እምቢ ብሏል። ሮማዊ ዜጋ ነኝ፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡኝ አለ። መጥተውም ለመኑት (ሐዋርያት ሥራ 16)።

ስለዚህ የሦስት ወር ደመወዟ የተያዘባት የቤት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባም ትሁን ቤይሩት፣ "ትሕትና ይኑርሽ" ልትባል አይገባም። ይህን የሚላት ሰው ብዙ ጊዜ ደመወዙን የያዘው ራሱ ነው።

አለቃ ፊት ማጎብደድስ? ያ ሌላ ነገር ነው። አጎብዳጅ ዝቅ የሚለው ከፍ ለማለት ነው። አለቃው በተሻረ ማግስት ሰላምታ እንኳ አይሰጠውም።

ለእግዚአብሔር መገዛት ማለት ለመንፈሳዊ መሪና ለመንግሥት ሁሉ መታዘዝ ነው?

በአብዛኛው መታዘዝ ጥሩ ነው። ንስሐ አባት፣ ፓስተር፣ ሽማግሌ መስማት፣ ሕግ ማክበር ትዕቢታችንን ያላላዋል። ነገር ግን ልክ አለው። ሐዋርያት "ለሰው ከመታዘዝ ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባል" ያሉት ባለሥልጣን ፊት ቆመው ነው።

በአገራችን ታሪክ ሁለት ሰዎች ይታወሱኛል። አቡነ ጴጥሮስ ለጣሊያን ወራሪ እንዲገዙና አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ በደርግ ዘመን ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር። ምእመናኑን ጥለው መሄድ አልፈቀዱም። በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ሁለቱም በሰው ዓይን ግትር ነበሩ። የተገዙት ግን ለሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። "እኔን ካልታዘዝክ እግዚአብሔርን አልታዘዝክም" የሚል መሪ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። በተለይ ትእዛዙ ገንዘባችሁን፣ ሰውነታችሁን ወይም ከቤተሰባችሁ መለየትን የሚመለከት ከሆነ። ወጥታችሁ ሌላ አባት ብታማክሩ ትዕቢት አይደለም።

ሚስት ለባሏ ትገዛ የተባለውስ?

ኤፌሶን 5ን ከቁጥር 22 የሚጀምር ሰው ቁጥር 21ን ዘሏል። እዚያ ላይ አንዱ ለሌላው ይገዛ ነው የሚለው። ባልም ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደዳት፣ ራሱን አሳልፎ እስከ መስጠት ሚስቱን እንዲወድ ታዟል። ዱላ እዚህ ውስጥ የለም። የሚመታ ባል ያላት ሴት ራሷንና ልጆቿን ብታሸሽ ቃሉን አላፈረሰችም።

"ፈቃድህ ይሁን" ካልኩ ለምን እለምናለሁ?

ጌታም ለምኗልና። በጌቴሴማኒ መጀመሪያ "ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ" አለ፣ ቀጥሎ ነው "አንተ እንደምትወድ ይሁን" ያለው። ልመናውን አልዋጠውም። ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኗል፤ መልሱ "ጸጋዬ ይበቃሃል" ነበር። እመቤታችንም "እነሆኝ የጌታ ባሪያ፤ እንደ ቃልህ ይሁንልኝ" ከማለቷ በፊት "ይህ እንዴት ይሆናል?" ብላ መልአኩን ጠይቃለች። መጠየቅ ከመገዛት ጋር አይጣላም።

የሚጣላው ሌላ ነው። ፈተና ሳያጠና ገብቶ ሲወድቅ "እግዜር አላለውም" የሚል ተማሪ አለ። ዲቪ ሞልቶ ፎቶውን አበላሽቶ ልኮ "ዕድሌ አይደለም" የሚልም አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል ይሄንን። መገዛት የድርሻችንን ከሠራን በኋላ ውጤቱን እሱ እጅ ላይ መተው ነው። ሠርተንም ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ማልቀስ ይፈቀዳል። መዝሙረ ዳዊት ግማሹ ለቅሶ ነው።

ለእግዚአብሔር ራሴን ከሰጠሁ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው?

አይደለም። ጠበል ቦታ ሄደው መድኃኒታቸውን አቋርጠው የተጎዱ ሰዎች አሉ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ የተናገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ኪኒኑን በጠበል መዋጥ ይቻላል ማለት ነው። ሐኪም ቤት መሄድ ራሱ "ብቻዬን አልችልም" ማለት ነውና እንደ እኔ እንደ እኔ ትሕትና አለበት።

ሥልጣንና ሀብት ያለው ሰው ትሑት ሊሆን ይችላል?

ይችላል፣ ግን ይከብደዋል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ነን። ያም ሆኖ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ድል ካደረገ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ እንደመነኮሰ በትውፊት ይነገራል። ልጁና ተተኪው ገብረ መስቀል ይባላል። የላሊበላም ስመ መንግሥት ይኸው ገብረ መስቀል ነው። "ገብር" አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው። ንጉሥ ሆኖ "የመስቀሉ ባሪያ" መባልን መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛም የክርስትና ስሞች፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ አመተ ሚካኤል፣ ይህንኑ ነው የሚሉት። ስማችን ሲጠራ የማን አገልጋይ እንደሆንን ይነገረናል፤ ግን ማን ልብ ይላል!

ትሕትናን እንዴት ነው የምለማመደው?

ስለ ትሕትና በማሰብ ብቻ አይመጣም። እንዲያውም ብዙ ባሰብንበት ቁጥር ስለ ራሳችን ነው የምናስበው። አባቶቻችን የመረጡት የሥራ መንገድ ነው። የቆሎ ተማሪን ተመልከቱ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ቁራሽ ይለምናል። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል፣ አንዳንዷ እመቤት "ሂድ ሥራ!" ብላ ታባርረዋለች። ቅኔ ከመቁጠሩ በፊት ይህን ይማራል። ሥርዓቱ ችግርም አለበት፣ ልጆች ይራባሉ፣ ይታመማሉ፤ ላሳምረው አልፈልግም። ግን በሰው እጅ የበላ ሊቅ፣ በኋላ የተማረ ነኝ ብሎ መኮፈስ ሳይከብደው አይቀርም።

እኛ ከተሜዎቹ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ሞክሬ ጠቅሞኛል። ስታረም ምክንያት ከመደርደሬ በፊት "እሺ" ማለት። የበደልኩትን ሰው፣ ልጄም ብትሆን፣ ይቅርታ መጠየቅ። የማላውቀውን አላውቅም ማለት። የመጨረሻው በተለይ። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አስታውሱት። የንግሥት ህንደኬ ሙሉ ግምጃ ቤት በእጁ ነው፣ በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። አንድ በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ መጥቶ "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ይለዋል። እኔ ብሆን "አንተ ማነህ?" ነበር የምለው። እሱ ግን "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" ብሎ ከአጠገቡ አስቀመጠው። በዚያው ቀን ተጠመቀ።

ሰው ሲያመሰግነኝ ምን ልበል?

"እግዚአብሔር ይመስገን" በሉና ቀጥሉ። ወይም "አመሰግናለሁ"። ግማሽ ሰዓት መከላከል አያስፈልግም።

ስግደት ለምን ያስፈልጋል? በልብ መገዛት አይበቃም?

ልብ ብቻውን ያታልላል። ሰውነት ግን ግንባሩ መሬት ሲነካ የት እንዳለ ያውቃል። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ "ስግዱ ለእግዚአብሔር በፍርሃት" ይላል፤ ሕዝቡም "ቅድሜከ እግዚኦ ንሰግድ ወንሴብሐከ" ብሎ ይመልሳል፣ አቤቱ በፊትህ እንሰግዳለን፣ እናመሰግንሃለን ማለት ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ ያንን ብል ውሸት ይሆንብኛል።

የስግደት ዓይነቱም አንድ አይደለም። ግንባርን መሬት አድርሶ መስገድ አለ። በጉልበት መንበርከክ፣ አስተብርኮ፣ አለ። ራስን ዝቅ ማድረግ ብቻ፣ አድንኖ፣ አለ። የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን የሚደረገው የአክብሮት፣ የጸጋ ነው።

ሁልጊዜም አይሰገድም። በእሑድ፣ በጌታ በዓላትና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት የንስሐ ስግደት የለም። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም በ20ኛው ቀኖናቸው በእሑድና በእነዚህ 50 ቀናት ቆመን እንድንጸልይ አዘዋል። "እኔ ግን ዛሬም እሰግዳለሁ" የሚል ጎበዝ ካለ፣ ትሕትናው መቆም ላይ ነው።

ትልቁ ቀን ስቅለት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ነው የሚሰገደው። ረፋድ ላይ ሁሉም ብርቱ ነው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነጠላው በላብ ረጥቦ ጀርባ ላይ ይጣበቃል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ከጎናችሁ ያለው ሰው ትንፋሽ ይሰማችኋል። ስንት እንደሰገድክ መቁጠር ትተዋለህ። መጨረሻ ላይ ካህኑ ፊት ቀርበን በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ጠብ ጠብ ያደርጉንና ሌላ ስግደት ይጨምሩልናል። ዶክተሩም፣ ሊስትሮውም፣ ሚኒስትሩም ጀርባውን ሰጥቶ ተራውን ይጠብቃል።

ጉልበቴን ታምሜ መስገድ ባልችልስ?

ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። ለነፍሰ ጡርም፣ ቀዶ ጥገና ለተደረገለትም፣ ለአረጋዊም እንደ አቅሙ ነው የሚታዘዘው። አምና በስቅለት ዕለት ከፊቴ አንዲት እናት በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ጉልበታቸው ታስሯል። እኛ ስንወድቅ እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ራሳቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ስንነሳ ቀና ይላሉ። አንዱን እንኳ አላለፉም። እኔ መሐል ላይ ደክሞኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሜ ቀርቻለሁ።